ጄኔሬተር ቁጥር ሦስትና የእኔ ዝምታ

የጄኔሬተር ቁጥር ሦስት ማዞሪያ «ኦፍ» ላይ መቆሙን ያየሁት ረፋዱ ላይ፣ አራት ሰዓት ገደማ ነው። መሆን የነበረበት መብራት ሲጠፋ በራሱ እንዲነሳ «አውቶ» ላይ ነበር። እጄን ሰድጄ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ ባዞረው ነገሩ ያበቃል፤ ሁለት ሰከንድ አይፈጅም። አላዞርኩትም። ይልቅ ዝናብ እንዳይገባ የማሽኑን ቤት በር ቀስ አድርጌ ዘጋሁ። ዛሬ ድረስ የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ማሽኑ እንዳይረጥብ የተጨነቀች ሴት፣ ማሽኑ በሚፈለግበት ሰዓት እንደማይነሳ እያወቀች ጥላው ሄደች።

አእምሮዬን ስቼ አልነበረም። ቀንቼ ነው። ቅናት ስል ደግሞ ባል ስለነጠቀችኝ ሴት የማወራ እንዳይመስላችሁ። የማወራው ስለ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ በየጠዋቱ በመኪናዋ ይዛኝ ስለምትሄድ፣ «እትዬ» ብላ ስለምትጠራኝ፣ አንድም ቀን ክፉ ቃል ተናግራኝ ስለማታውቅ ልጅ።

ወይንሸት እባላለሁ። የምኖረው ኦክላንድ ነው። ትምህርት ያቋረጥኩት ሰባተኛ ክፍል ላይ ሲሆን የቀጠልኩት ካርቱምን አልፌ፣ አሜሪካ ገብቼ፣ ልጅ ወልጄ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ከሞላኝ በኋላ ነው። መሃል ያለውን ጊዜ በጽዳት ሥራ አሳለፍኩት፤ መጀመሪያ ሆቴል፣ ቀጥሎ ፕሌዘንተን ውስጥ ያሉ ቢሮዎች። ሰዎች የሚጥሏቸውን የማሽን መመሪያ መጻሕፍት ከቆሻሻ ቅርጫት እያወጣሁ ቤት እወስድና መዝገበ ቃላት ከጎኔ አድርጌ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነባቸው ነበር። የማልገዛውን ማቀዝቀዣ፣ የማልነዳውን ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት፣ ሁሉንም አንብቤያለሁ። ማታ ማታ ኮሙኒቲ ኮሌጅ ገብቼ የኤሌክትሪክ ትምህርቴን ስጨርስ አርባ አምስት ዓመቴ ነበር። ከልጄ ከናርዶስ ጋር በአንድ ጠረጴዛ የቤት ሥራ ሠርተናል። በዓመቱ ሳን ሆዜ ውስጥ አንድ ዳታ ሴንተር ቀጠረኝ። ይህን የምነግራችሁ እንድታደንቁኝ አይደለም። ያቺን ቦታ እንዴት አድርጌ እንደጨበጥኳት እንድታውቁ ነው።

ዳታ ሴንተር ማለት መስኮት የሌለው ትልቅ ሕንፃ ነው። ውስጡ እስከ ጣሪያ በተደረደሩ ኮምፒውተሮች የተሞላ ነው፤ ስልካችሁን ስትነኩ መልስ የሚመጣላችሁ ከእንዲህ ያለ ቤት ነው። የእኛ ሥራ ኮምፒውተሮቹን መንካት ሳይሆን መብራት እንዳይጠፋባቸው መጠበቅ ነው። የከተማው መብራት ሲሄድ ባትሪዎች ለስድስት ደቂቃ ይሸከሟቸዋል። በዚያ መሃል ግቢ ውስጥ ያሉት አራት ጄኔሬተሮች በራሳቸው ተነስተው ይረከባሉ። አንዱ ካልተነሳ እሱ የሚመግበው አዳራሽ ይጨልማል። ቁጥር ሦስት የሚመግበው አዳራሽ ውስጥ የነበረው የሆስፒታሎች መዝገብ ነው፤ የትኛው በሽተኛ የትኛውን መድኃኒት ስንት ሰዓት ላይ እንደወሰደ የሚጻፍበት።

ሊዲያ የመጣችው ከእኔ ሦስት ዓመት ዘግይታ ነው። ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነበር። ሥራውን ያሳየኋት እኔ ነኝ። ናፍጣ እንዴት እንደሚመረመር፣ ባትሪ እንዴት እንደሚለካ፣ የትኛው በር ሲዘጋ እንደሚያስቸግር። ቶሎ ያዘች። ትስቃለች፣ ታስቃለች፣ የዘበኛውን ልጅ ስም ሳይቀር ታውቃለች። እኔ በሦስት ዓመት ያልተግባባኋቸውን ሰዎች በስድስት ሳምንት ተግባባች።

እዚህ አገር ዝናቡ የሚጠናው በታኅሣሥና በጥር ነው። ከውቅያኖስ የሚመጣ ከባድ ማዕበል ዛፍ ይጥላል፣ ዛፉ ሽቦ ይጥላል፣ መብራት ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ዓመት በጋውን ሙሉ ተቀምጬ ለዊንተር የሚሆን የዝግጅት ቼክሊስት ጻፍኩ። ስድሳ አራት መስመር ነበረው። የጣሪያው አሸንዳ ይጠረግ፣ የናፍጣ ማጠራቀሚያ ይሙላ፣ የሞተር ማሞቂያ በእጅ ተነክቶ ይረጋገጥ፣ የአሸዋ ከረጢት በየትኛው በር ስንት ይቀመጥ፣ መንገድ ተዘግቶ ሥራ ላይ ለሚያድር ሰው ብርድ ልብስና ምግብ የት ይገኝ። መስመር ሠላሳ አንድ እንዲህ ይላል፦ «ከሙከራ በኋላ ማዞሪያው ወደ አውቶ መመለሱን አይተህ ፈርም።»

አለቃችን ዴቭ ወረቀቱን አይቶ ወደደውና ለሁሉም ሠራተኛ ይቅረብ አለ። እኔ ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ይጠፋል። ሊዲያ አቀረበችው። ቀለም ጨመረችበት፣ ፎቶ ጨመረችበት፣ ሁለት ቦታ ላይ አሳቀቻቸው። ሲጨበጨብላት «ይህ የእትዬ ወይንሸት ሥራ ነው» ብላለች። እርግጠኛ ነኝ ብላለች። ያን ጊዜ ግን ጆሮዬ ውስጥ የቀረው ጭብጨባው ብቻ ነው። በወሩ የሺፍት ኃላፊነቱ ቦታ ሲከፈት ሁለታችንም አመለከትን። የተሰጠው ለእሷ ነው።

«እንኳን ደስ አለሽ» አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ትንሽ ሰማያዊ ደብተር ያዝኩ። እዚያ ላይ የምጽፈው የሊዲያን ጥፋት ነው። «ጓንት ሳታደርግ ባትሪ ነካች።» «ገጽ ሁለት ላይ ቀን አልጻፈችም።» «የመሣሪያ ሳጥኑን ሳትቆልፍ ሄደች።» እሷ ሠርታ የፈረመችውን ሁሉ ከኋላዋ እየሄድኩ ደግሜ አያለሁ። ማንም አላዘዘኝም። ለማንም አላሳየሁም። ማታ አውጥቼ ሳነበው ግን ደረቴ ቀለል ይለኝ ነበር።

ማዕበሉ ይመጣል የተባለው ለዓርብ ነው። ሐሙስ ሙሉ ቀን ተዘጋጀን። ሊዲያ አራቱንም ጄኔሬተሮች በየተራ አስነስታ ሞከረች፤ በሙከራው ምክንያት ማዞሪያ ከአውቶ ሲወጣ የሚጮኸው የማስጠንቀቂያ ደወል እንዲታፈን ተደረገ፤ ዓርብ ሰባት ሰዓት ላይ ዴቭ ራሱ ዞሮ ከፈተሸ በኋላ ሊመለስ። እኔም እንደ ልማዴ ከኋላዋ ዞርኩ።

ዓርብ ጠዋት ኦክላንድ ቤቴ በር ላይ ጡሩንባ ነፋች። ስገባ መኪናው ሳንቡሳ ሳንቡሳ ይሸታል።

«ምናልባት እዚያው ልናድር እንችላለን ብዬ ነው» አለች። «ምስር ነው። ዓርብ መሆኑን አልረሳሁም።»

«ዘይቱ በዝቷል።»

«እትዬ! ገና አልቀመሱትም እኮ!»

«ከሽታው ያስታውቃል።»

ሳቀች። ይቺ ሳቅ ናት የምትገለኝ፤ ሌላ ሰው ቢሆን ይቀየመኝ ነበር። ነፋሱ መኪናውን እየገፋው፣ የዝናብ መጥረጊያው እየተመላለሰ፣ ወደ ሳን ሆዜ ሄድን። እኔ ከቦርሳዬ መርፌና ክር አውጥቼ የዘይት መጥረጊያ ጨርቅ እዘመዝማለሁ። ትንንሽ ቀይ አበባ ያለበት አሮጌ የአልጋ ልብስ ነበረኝ፤ እሱን በአራት ማዕዘን እየቆረጥኩ ነው የምጠቀመው።

«ለዘይት መጥረጊያ ጠርዝ የሚዘመዝም ሰው ከእርስዎ ሌላ በዚህ ካሊፎርኒያ ካለ ያሳዩኝ» አለች።

«ካልተዘመዘመ ክሩ ይመዘዛል። ማሽን ውስጥ ይገባል።»

«እሱስ እውነት ነው። እኔ ግን የወረቀት ፎጣ እጠቀማለሁ፣ ሪላክስ አደርጋለሁ።»

«እሱንም አይቻለሁ» አልኩ። በእርግጥ አይቼ ነበር፤ ደብተሩ ላይ ተጽፏል።

«እርስዎ ምን የማያዩት አለ?» አለች። ነገር መስሎኝ ዞሬ አየኋት። መንገዱን እያየች ፈገግ ብላለች።

አራት ሰዓት ላይ ግቢውን ብቻዬን ስዞር ነው እንግዲህ ያልኳችሁን ያየሁት። ጄኔሬተሮቹ እያንዳንዳቸው የብረት ቤት አላቸው፤ መቆጣጠሪያው በመስታወት መዝጊያ ውስጥ ነው። በመስታወቱ አሻግሬ አየሁ። ኦፍ። ፕላስቲክ ውስጥ የተንጠለጠለውን ወረቀት ገለጥኩ። መስመር ሠላሳ አንድ፣ የትናንት ቀን፣ የሊዲያ ፊርማ።

ልቤ እንዴት እንደመታ ልነግራችሁ አልችልም። ደስታ ነበር። ሙሉ ደብተር ያልሠራልኝን ይህች አንዲት መስመር ትሠራልኛለች። ሰባት ሰዓት ላይ ዴቭ ይመጣል፣ ራሱ ያየዋል፣ ፊርማዋን ያየዋል። እኔ ምንም አልናገርም፤ አሳባቂም አልባልም። የአየር ትንበያው ነፋሱ የሚበረታው ከስምንት ሰዓት በኋላ ነው ብሏል። መሃል ላይ ያለው ሦስት ሰዓት ብቻ ነው። በሦስት ሰዓት ውስጥ ምን ይመጣል?

በሩን ዘጋሁና ሄድኩ።

ወደ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ስመለስ ግን የሆስፒታሉ መዝገብ ታየኝ። አንዲት ነርስ መድኃኒት ይዛ ስክሪን ላይ ስታፈጥ ታየችኝ። ለሊዲያ ልነግራት ቆረጥኩ። እውነቴን ነው፣ አፌን ልከፍት ነበር። ሊዲያ በአንድ እጇ ሳንቡሳ በሌላው ስልክ ይዛ ቀና አለች።

«እትዬ፣ ናርዲ ቴክስት አድርጋልኝ ነበር። ስቶርሙ እንዴት ነው፣ እናቴ ደህና ናት ወይ አለች። ደህና ነን ብያታለሁ።»

ናርዶስ የእኔ ልጅ ናት። እኔ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ «ፋይን» ብላ ክፍሏ የምትገባ ልጅ። ስልኬን አየሁ፤ ምንም የለም። ምን ልማር ብላ ያማከረችው ሊዲያን ነው። የፀጉሯን ቀለም እንኳን መጀመሪያ ያየችው ሊዲያ ናት። ቦታዬን ወሰደች፣ ጭብጨባዬን ወሰደች፣ አሁን ደግሞ የልጄን ጭንቀት።

«እሺ» አልኩ።

«ሳንቡሳ?»

«አልራበኝም።»

ተቀመጥኩ። የግድግዳው ሰዓት ፊቴ ነበር። አራት ተኩል ሆነ። አምስት ሰዓት ሆነ። ጣሪያው ላይ ዝናቡ ጠጠር እንደሚደፋ ሰው ይንኮሻኮሻል። ሊዲያ እየተነሳች ትመጣለች፣ አሸንዳውን ታስጠርጋለች፣ የናፍጣ አቅራቢውን ኮል ታደርጋለች፣ የአሸዋ ከረጢቱን ራሷ ትሸከማለች። የሠራችውን ሁሉ እያየሁ «ጎበዝ መሆኗን ማን ይክዳል፣ ግን ያቺን አንዲት ነገር ረስታለች» እላለሁ በልቤ። አሥር ጊዜ ሳልል አልቀረሁም።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ መብራቱ አንዴ ብልጭ አለና ጠፋ።

ትንበያው ተሳስቶ ነበር። ወይም ዛፉ ትንበያ አላነበበም። የአደጋ ጊዜ መብራቶች በሩ። ከግቢው የመጀመሪያው ሞተር አጓራ፣ ከዚያ ሁለተኛው፣ ከዚያ አንድ ተጨማሪ። ቆጠርኩ። ሦስት ናቸው። አራተኛ ድምፅ አልመጣም።

«ሦስት አልተነሳም!» አለች ሊዲያ ስክሪኑን እያየች። ድምጿ የተረጋጋ ነበር። «ባትሪው አምስት ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ ይላል። እትዬ፣ የናፍጣውን መስመር ነው መጀመሪያ የምናየው ወይስ...»

መልሱን ስለማውቀው ሮጥኩ።

በሃምሳ ሁለት ዓመቴ እንደዚያ ሮጬ አላውቅም። ግቢው ውሃ ቋጥሮ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ደረሰ። ነፋሱ የብረቱን በር ይዞ አልለቅም አለ፤ በትከሻዬ ገፋሁት። አዳለጠኝና በጉልበቴ ወደቅኩ። በሬዲዮ መነጋገሪያው የሊዲያ ድምፅ ይቆጥራል። «አራት ደቂቃ ከአሥር። እትዬ የት ነዎት? ብቻዎን አይግቡ፣ እየመጣሁ ነው።» የመስታወቱን መዝጊያ ከፈትኩ። እጄ ረጥቦ ማዞሪያው ተንሸራተተብኝ። ሁለተኛ ያዝኩት። ወደ ቀኝ።

አንድ አፍታ ዝም አለ። ያቺን አፍታ እስክሞት አልረሳትም። ከዚያ ሞተሩ ተንጠራርቶ ተነሳ፤ የቆምኩበት ብረት ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ።

እፎይ ብዬ ግንባሬን መቆጣጠሪያው ላይ ደገፍኩ። ዓይኔን ስገልጥ፣ ከመስታወቱ ኋላ፣ ከውጭ ሲያዩት በማይታየው ጠባብ መደርደሪያ ላይ አንድ ነገር አየሁ። ጨርቅ ነው። የታጠፈ፣ ዘይት የነካው። ትንንሽ ቀይ አበባ አለበት። ጠርዙ ተዘምዝሟል።

ሁሉም ነገር በአንዴ ተመለሰልኝ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሊዲያ ሞክራ፣ ወደ አውቶ መልሳ፣ ፈርማ ሄደች። እኔ ከኋላዋ መጣሁ። ዘይቱን በትክክል ለክታው እንደሆነ ላጣራ። መለኪያውን ዘንግ ሳወጣ ሞተሩ በድንገት ተነስቶ እጄን እንዳይቆርጠኝ ማዞሪያውን ኦፍ አደረግኩ፤ መመሪያው የሚለው እንደዚያ ነው። ለካሁ። እሷ ከጻፈችው የፀጉር ያህል ዝቅ ብሎ አገኘሁት። ደስ አለኝ። ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩ። ደስ እንዳለኝ ወጣሁ።

ማዞሪያውን ሳልመልስ።

ልብ በሉ፤ በሕይወቴ የተማርኩት ሁሉ ጥንቃቄ ነው። ያቺን ጥንቃቄ ለሰው ጥፋት ፍለጋ አዋልኳትና የራሴን ጥፋት ጥዬ ወጣሁ።

የሊዲያ እግር ውሃውን እየመታ ሲመጣ ሰማሁ። ጨርቁን አንስቼ ኪሴ ከተትኩት።

አቀፈችኝ። ሁለታችንም ውሃ ሆነናል። «እትዬ! እንዴት አወቁ? እንዴት እንዲህ ፈጥነው አወቁ?» ትለኛለች። እኔ ኪሴን በእጄ ጨምድጄ ይዣለሁ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዴቭ ቢሮ ተጠራን። የሆስፒታሎቹ አዳራሽ አንዲት ሰከንድ አልጨለመም ነበር። ዴቭ ተነስቶ ጨበጠኝ። «ዌይኒ» ነው የሚለኝ። «ዌይኒ፣ ዛሬ ሁላችንንም አዳንሽን። ሌላው ሰው ገና ምን ሆነ ሲል አንቺ ደርሰሻል።» ስድስት ዓመት የጠበቅኩት ቃል ነው።

ከዚያ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። መስመር ሠላሳ አንድ።

«ሊዲያ፣ ይህ ፊርማ ያንቺ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ማዞሪያው ኦፍ ላይ ነበር። ሳታዪ ነው የፈረምሽው?»

ሊዲያ ወደ እኔም አላየችም። እጇን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ፣ «የእኔ ስህተት ነው» አለች።

ዴቭ በረጅሙ ተነፈሰ። እንደሚወዳት ያስታውቃል። ግን የሺፍት ኃላፊ በማዕበል ዋዜማ ሳያይ ከፈረመ ከኃላፊነቱ ማንሳት ግዴታው መሆኑን፣ ጉዳዩንም ለበላዮቹ እንደሚጽፍ ነገራት። ራሷን ነቀነቀች። ዓይኗ ሞላ፣ አልፈሰሰም።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ሕይወቴ ሁለት የሆነው። ዝም ብል ቦታው የእኔ ነው። ማንም አያውቅም። ጨርቁ ኪሴ ውስጥ ጭኔ ላይ ያንጠባጥባል። የተመኘሁት ሁሉ እጄ ገብቷል፤ ሊዲያ ወርዳለች፣ እኔ ተመስግኛለሁ።

ጨርቁን አውጥቼ ወረቀቱ ላይ አስቀመጥኩት።

ዴቭ ምን እንደሆነ አልገባውም። ሊዲያ ግን ገና ሳወጣው ገባት። በአማርኛ፣ በዝቅታ፣ «ይተዉት እትዬ» አለችኝ። «ይተዉት። እኔ ልጅ ነኝ፣ ሌላ ቦታም ሥራ አገኛለሁ። እርስዎ በዚህ ዕድሜ የት ይሄዳሉ?»

ታውቅ ነበር! ወደ አውቶ መመለሷን ታውቃለች፤ ከኋላዋ ማን እንደሚዞርም ታውቃለች። ታላቅን በፈረንጅ አለቃ ፊት ላለማዋረድ የእኔን ጥፋት ተሸክማ ልትወርድ ነው። ታዲያ በዚያች ሰዓት ምን ተሰማኝ መሰላችሁ? አሁንም ቀናሁባት። ደግነቱንም ቀደመችኝ ብዬ ቀናሁባት። ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ ለራሴ የገባኝ ያኔ ነው።

«ዴቭ» አልኩ። ድምፄ እንደፈራሁት ጠፋ፤ ጠራርጌ ደገምኩ። «ማዞሪያውን ኦፍ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ትናንት፣ እሷ ከፈረመች በኋላ። ይህ ጨርቅ የእኔ ነው።»

ይህኛው ቀላሉ ነበር። ስህተት የማይሠራ የለም፤ እዚህ ላይ ባቆም ዴቭም ሊዲያም ይቅር ይሉኝ ነበር። ከባዱ ቀጥሎ ያለው ነው።

«ደግሞ ዛሬ አራት ሰዓት ላይ አይቼዋለሁ። የእሷ ጥፋት መስሎኝ ነው። አንተ እንድታገኘው ብዬ ተውኩት።»

ሊዲያ እጇን ከጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጋ አነሳች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ፊቷ ላይ የነበረው ሐዘን ሌላ ነገር ሆነ።

ወደ ኦክላንድ የወሰደችኝ እሷው ናት። ሌላ መሄጃ አልነበረኝም፣ እሷም ትታኝ የምትሄድ ሰው አይደለችም። ዝናቡ አባርቷል። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ ነው የተናገረችው።

«ከኋላዬ እንደምትዞሪ ከመጀመሪያው ጀምሮ አውቃለሁ።»

አንቺ አለችኝ። በሦስት ዓመት የመጀመሪያዋ ነበረች።

«ታውቂያለሽ እንዴት ነበር የማስበው? እትዬ ወይንሸት ከኋላዬ ያዩልኛል፣ የሳትኩትን ያገኙልኛል፣ ይነግሩኛል እል ነበር። እናቴ እንኳን እንደዚያ አልተከተለችኝም። በዚህ ሥራ ማታ እንቅልፍ የሚወስደኝ አንቺ ስላለሽ ነበር። ለናርዲም ነግሬያታለሁ።»

«ሊዲያ...»

«ኦፍ ማድረግሽ አይደለም። እሱን እኔም ነገ ላደርገው እችላለሁ። አራት ሰዓት ላይ አይተሽ ገብተሽ ፊቴ ተቀመጥሽ። ሳንቡሳ ስሰጥሽ ታውቂ ነበር።»

ቤቴ በር ላይ ስታቆም ቀበቶዬን መፍታት አቅቶኝ ታገልኩ። ፈታችልኝ። ደህና እደሪ አላለችኝም።

ናርዶስ ሳሎን ነበረች። ለልጄ ዋሽቼ ልገባ አልፈለግኩም፤ ቁጭ አድርጌ ሁሉንም ነገርኳት፣ የደብተሩን ጭምር። በእንግሊዝኛዋ «ማም፣ ይሄ ልክ አይደለም» አለች። ቀጥላ በተሰባበረ አማርኛ፣ «እኔ ሊዲያን ቴክስት የማደርጋት አንቺ ሥራ ላይ ስልክ ስለማታነሺ ነው። ስለ አንቺ ነው የምጠይቃት» አለችኝ።

ስለ እኔ ነበር። በስልኩ ውስጥ የነበረው ሁሉ ስለ እኔ ነበር።

ዴቭ አላባረረኝም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ፤ ለሦስት ወር ብቻዬን ወደ ጄኔሬተሮቹ ግቢ እንዳልገባ ታገድኩ። ሊዲያ ኃላፊነቷ ላይ ቆየች። ቼክሊስቱ ላይ አንድ መስመር እንድጨምር ጠየቅኩና ተፈቀደልኝ፤ ስድሳ አምስተኛው መስመር ይህ ነው፦ «ሌላ ሰው ከፈረመ በኋላ የነካህ እንደሆነ፣ የነካኸውንና ያየኸውን ለዚያ ሰው ወዲያው ንገር፤ ከፊርማው ሥር ፈርም።» ሰማያዊውን ደብተር ለሊዲያ ላሳያት አስቤ ነበር። አሁንም ለራሴ ማቅለያ እንደሚሆን ሲገባኝ ቀዳድጄ ጣልኩት።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት ጄኔሬተር አይታችሁ አታውቁ ይሆናል። ግን ከሰው ኋላ የምትዞሩ ከሆነ አንድ ጊዜ ራሳችሁን ጠይቁ፤ የምትዞሩት ልታዩለት ነው ወይስ ልታዩበት? ከውጭ ለሚያይ ሥራው አንድ ነው። ያው መለኪያ፣ ያው እጅ፣ ያው ጨርቅ። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ሳደርገው የነበረውን ሊዲያ ፍቅር ብላ ተቀብላው ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን ዕድሜዬን ፍቅር ላደርገው እየሞከርኩ ነው። ሁልጊዜ አይሳካልኝም። ቅናቴ አልሞተም፤ እንዳልዋሻችሁ። ሲመጣብኝ ግን አፍ አውጥቼ እናገረዋለሁ፤ ዝም ስለው ነው ጥርስ የሚያወጣው።

ሰባት ሳምንት በባቡርና በአውቶቡስ ተመላለስኩ። ሥራ ላይ የምንነጋገረው ስለ ሥራ ብቻ ነበር። የካቲት ውስጥ ሌላ ማዕበል ይመጣል በተባለበት ጠዋት፣ ገና ጫማዬን ሳስር፣ በር ላይ ጡሩንባ ተነፋ።

ገባሁ። መኪናው ምንም አይሸትም፤ ሳንቡሳ አልነበረም። ሊዲያ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ ጭኔ ላይ አንድ የተጣጠፈ ነገር አኖረች። አራት ማዕዘን ሆኖ የተቆረጠ ጨርቅ ነው፣ ሰባት ስምንት ይሆናል፤ አረንጓዴ፣ ቀጫጭን ነጭ መስመር ያለበት።

«ይህን ይዘምዝሙልኝ» አለች። «የእርስዎና የእኔ እንዲለይ።»

መርፌዬን አወጣሁ። ክሩ ቶሎ አልገባልኝም። የመጀመሪያውን ጠርዝ ስጨርስ ከብርሃኑ ፊት ዘርግቼ አየሁት። ከእኔው አበባ ጨርቅ ይልቅ የእሷ ያምር ነበር።

ነገርኳት።